ልጁን ያስቀረው ደንገል

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ በመኪና ነበር የምወደው። የአባይን በረሃ ሳልወርድ ሳልወጣ ባሕር ዳር መግባት ጉዞ አይመስለኝም። ግን መንገዱ አላስተማመነኝም፤ በአውሮፕላን መጣሁ።

የመጣሁት አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለማየት ነው። ስማችንን አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። ቢሯቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የብረት ቁም ሳጥን። ባነር የለ፣ ከባለሥልጣን ጋር የተነሱት ፎቶ የለ። እዚያው ወደድኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከአስተባባሪዋ ጋር በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። የሰፈሩ ሰዎች ነገደ ወይጦ ናቸው። የጣናን ታንኳ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታንኳ በፖስትካርድ ላይ ያምራል፤ ለባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ሥራ ነው። የሚሠራበት ደንገል፣ ውሃ ዳር የሚበቅል ሸምበቆ መሰል ረጅም ተክል፣ ውሃ ይመጥጣል። አሳ አስግሮ የተመለሰ ሰው ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላቆመው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ተንከባክበውትም ዕድሜው የወራት ነው። ከዚያ እንደገና ደንገል ፍለጋ።

የማኅበሯም ታሪክ እዚህ ደንገል ላይ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ያደሉት እንደ ሁሉም ሰው ደብተርና ቦርሳ ነበር። ተጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ ቦርሳው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ልጁ ክፍል ውስጥ የለም። አንድ መምህር «እነዚህ መማር አይፈልጉም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አስተባባሪዋ ግን ቤት ለቤት ዞረች።

«ለካ ልጆቹን የሚያስቀርብን ደንገል ነው!» አለችኝ እየሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐይቁ ዳርቻ እየታረሰና ከብት እየገባበት ደንገሉ ርቋል። አባት ሩቅ ሄዶ ያጭዳል፤ ልጅ ተከትሎ ይሸከማል። ስለ ጣና ሲወራ ሁላችንም እምቦጭን እናነሳለን። እሱ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው የከፋው። የደንገሉን መሸሽ ግን ማን ያወራዋል?

ከዚያ ወዲያ ማኅበሯ ቦርሳ ማደሉን ትታ ሰው ማስታረቅ ያዘች። ዳር ላይ መሬት ካላቸው ገበሬዎች ጋር ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሳይስማሙ ተነሱ። በአራተኛው ሽማግሌ ገባ፣ ቡና ተፈላ፣ ተስማሙ። አንድ ቁራጭ ዳርቻ አይታረስም፣ ከብትም አይገባበትም። ደንገሉ በተራ ይታጨዳል፤ ሥሩ አይነቀልም፣ ሥሩ ካለ መልሶ ይበቅላል። ሴቶቹ ከደንገሉ ዕቃ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ገበሬዎቹ ከሚሸጠው ድርሻ አላቸው። ትምህርት ቤቱ ለቀሩት ልጆች የማካካሻ ትምህርት ይሰጣል። የሴቶቹን ገንዘብ የሚይዘው እድሩ ነው። ማኅበሯ ራሷ የያዘችው አንድ ደብተር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

«አጋርነት» የሚለው ቃል በየሆቴሉ ስብሰባ ሰልችቶኝ ነበር። እዚህ ቃሉን ማንም አይጠራውም። አስተባባሪዋን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። «አራት ጊዜ ለእርቅ የተመላለስኩበት የባጃጅ ሒሳብ አስተዳደር ነው ወይስ ሥራ?» ትላለች። መልስ አልነበረኝም።

አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለጌጥ የሚሆን ትንሽ ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉን ውሃ ያስነኩታል፣ በጥፍራቸው ይሰነጥቁታል፣ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሌላውን ይጎትታሉ። አፍንጫው ቀና እስኪል ሦስት ጊዜ ፈቱት። ድሮ ለቱሪስት ነበር የሚሸጡት። ቱሪስቱ ሲጠፋ ለቡና ቤቶች የዳቦ መሶብ መሥራት ጀምረዋል። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው በሆዱ ተኝቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። ማካፈል ላይ ደርሷል። 84 ለ6 አስቸግሮታል። ልነግረው ስል ሴትዮዋ «ተወው፣ ራሱ ያግኘው» አሉኝ።

ታንኳዋን ልግዛ አልኩ። ከዋጋው በላይ አውጥቼ «መልሱ ይቅር እማማ» ስላቸው ደነገጡ።

«ኧረ እንዴት ይሆናል ልጄ! ሒሳቡ ያጋድላል።»

ልጁን ልከው ገንዘብ አስዘረዘሩና መልሴን ቆጥረው ሰጡኝ። አስተባባሪዋ ደብተሩን ከፈተች፤ ስሜን እንኳን አልጠየቀችኝም። «እንግዳ፣ 1 ታንኳ፣ ተከፍሏል» ብላ ጻፈችና አስፈረመችኝ።