ከ1.9 በቀጥታ ወደ 2.0 የዘለልኩበት ምክንያት

ለሱቆች የዱቤ መዝገብ የምትይዝ ትንሽ የአንድሮይድ መተግበሪያ አለችኝ። ቨርዥኗ 1.9 ደርሶ ነበር፤ በተራው መሠረት ቀጣዩ 1.10 (አንድ ነጥብ አሥር) ነው። ችግሩ ቀድሞ ስልኮች ላይ የተጫነው ኮድ ነበር። ብዙ ደንበኞቼ የሚጭኗት ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ቴሌግራም ላይ ከሚላክ ፋይል ስለሆነ፣ «አዲስ ወጥቷል ወይ?» ብላ የምታጣራው ራሷ ነች። የምታወዳድረው ደግሞ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ፣ አሃዝ በአሃዝ እያየች ነው። ከነጥቡ በኋላ 1ን ከ9 ጋር ታስተያይና «ያነሰ ነው» ብላ ዝም ትላለች። አዲሱ ላይ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ግን አሮጌዋ አዲሱን ካላየችው ማስተካከያው በየት በኩል ይደርሳታል?

ትልልቆቹስ ምን አደረጉ ብዬ አነበብኩ። ኦፔራ የተባለው የኢንተርኔት አሳሽ እ.ኤ.አ. በ2009 ቨርዥን 10ን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ የሚያነቡ ድረ ገጾች «ኦፔራ 1» መጣ ብለው አሰቡ። ስለዚህ አሳሹ ለድረ ገጾቹ ራሱን 9.80 እያለ ማስተዋወቅ ጀመረ! ዊንዶውስ 7ም ውስጡን ብትጠይቁት 6.1 ነኝ ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው ቪስታ 6.0 ነበር፤ ዋናው ቁጥር ሲቀየር አንሠራም የሚሉ ፕሮግራሞች እንዳያስቸግሩ ነው። ዊንዶውስ 9 ለምን ተዘለለ ሲባል የሚወራውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። 95ንና 98ን «ዊንዶውስ 9» በሚለው ጅማሬ የሚለዩ ኮዶች በእርግጥ ነበሩ። ማይክሮሶፍት ግን ምክንያቴ ይሄ ነው ስላላለ አልምልበትም።

ድረ ገጾች የሚሠሩበት የፒኤችፒ ቋንቋ የቨርዥን 6 ታሪክ ሌላ ነው። ዩኒኮድን (የዓለምን ፊደላት በኮምፒውተር የሚወክለውን ሥርዓት) እስከ ውስጡ ለማስገባት ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2010 ተተወ። ሶፍትዌሩ ሳይወጣ ስለ 6 የሚያስተምሩ መጻሕፍት ታትመው ነበር። ግራ መጋባቱን ለማስቀረት አዘጋጆቹ ድምፅ ሰጡና በ2015 በቀጥታ 7 ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኔም ያላለቀ ሥራ በቁጥር አልጠራም፤ «ቀጣዩ» ብቻ ነው የምለው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 የአይፎኑን ስርዓት ከአይኦኤስ 18 ወደ 26 (ከ2026 ተወስዶ) ሲያዘልል ደግሞ በዓመት መሰየም አማረኝ። ግን በየትኛው አቆጣጠር? በእኛው 2018 ብላት መርካቶ ያሉት ደንበኛዬ «የዘንድሮ ነች» ይሉኛል፤ ዱባይ ያለችው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀች ይመስላታል። ተውኩት።

2.0 አልኳት። አሮጌው ኮድም ቢሆን 2 ከ1 እንደሚበልጥ አይጠፋውም። ትልቅ ለውጥ አለመኖሩ ትንሽ ቢከነክነኝም፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በ2011 ሊኑክስን ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያሻግር ትልቅ ለውጥ የለም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ሊነስ እንዲህ ካለ እኔ ማን ነኝ?

የመርካቶው ደንበኛዬ ግን ደወሉ። «ልጄ፣ ሁለት ነች አልክ፤ ምኗ ተለወጠ?»
«መዝገቡ ያው ነው ጋሼ። ማደሻዋ ነው የተስተካከለው።»
«ታዲያ ሁለት ያስባላት ምንድን ነው?»
እውነታቸውን ነው። ደንበኛ 2.0 ሲባል አዲስ ነገር ይጠብቃል፤ ምክንያቱን ቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

አንድሮይድ ለእያንዳንዱ እትም ሁለት ቁጥር ያስይዛል፦ አንዱ ሰው የሚያየው ስም፣ ሌላው ለስርዓቱ የሚሰጥ፣ እያደገ ብቻ የሚሄድ ሙሉ ቁጥር። አሁን ማጣሪያዋ የምታየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ2.9 በኋላ ያለ ሐሳብ 2.10 እላታለሁ።