ኔጌቲቭ 10.2 ቮልት

የሚድ ፈተና ወረቀታችን ሲመለስልን ሦስተኛው ጥያቄዬ ላይ ትልቅ ቀይ የጥያቄ ምልክት አየሁ። ሌላ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ከምልክቱ ጎን መልሴ በሳጥን ተከቦ ተቀምጧል፦ የትራንዚስተሩ የኮሌክተር እግር ቮልቴጅ፣ ኔጌቲቭ 10.2 ቮልት። ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ምን ያህል ተማምኜ እንደነበር አስቡት።

ሰርኪቱ ያለው ፓወር ሰፕላይ አንድ ብቻ ነው፤ 10 ቮልት። ከግራውንድ በታች የሚያወርድ ምንም ነገር የለበትም። ታዲያ ይህ ምስኪን ትራንዚስተር ኔጌቲቭ 10 ቮልት ከየት ያመጣል? ፈተናው ላይ ይህን ራሴን አልጠየቅኩም። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ ሁለቴም ያው መጣ። በቃ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

አሁን የኤሌክትሮኒክስ ኮርሱ 13ኛ ሳምንት ላይ ነን። ፋይናሉ ደርሷል። ኮርሱን አብራችሁኝ ለምትወስዱም፣ ገና ለምትመዘገቡም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የመጣሁበትን ልጻፈው። የሚያሳፍረውንም አልዘለልኩም።

2ኛው ሳምንት

የመጀመሪያው ላብ (ላቦራቶሪ) ከመሣሪያዎቹ ጋር መተዋወቂያ ነው። ፋንክሽን ጄኔሬተሩን (ሲግናል የሚያወጣውን መሣሪያ) 1 ቮልት ላይ አድርጉ፣ ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅን ስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ) ላይ እዩት፣ ጻፉ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። እኛ ግን ኦሲሎስኮፑ 2 ቮልት አሳየን። ፕሮቡን (የኦሲሎስኮፑን መለኪያ ገመድ) ቀየርን፤ 2። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ሌላ ገመድ ተዋስን፤ አሁንም 2። የላብ ጓደኛዬ "ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል ብለን እንጻፋ" አለች። እኔም ደስ አለኝ። ሪፖርታችን ላይ "በመሣሪያው ብልሽት ምክንያት" የምትል ዐረፍተ ነገር ገባች።

መሣሪያው ምንም አልሆነም ነበር። ጄኔሬተሩ በውስጡ 50 ኦም አለው። ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውን ቁጥር ሲያሰላ ደግሞ ውጭ የተሰካውም 50 ኦም ነው ብሎ ነው። ሁለቱ እኩል ሲካፈሉ ለውጪው ግማሹ ይደርሰዋል። ኦሲሎስኮፕ ግን 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ከእሱ ጋር መካፈል የሚባል ነገር የለም። ሙሉው ይመጣል፤ ማለትም እጥፉ። ሜኑው ውስጥ ገብቶ ሎዱን (ውጭ የሚሰካውን) ወደ ሃይ ዚ (ከፍተኛ ሬዚስታንስ) መቀየር ብቻ ነበር የቀረን።

ልክ እጥፍ የሆነ ስህተት የብልሽት መልክ የለውም። የተበላሸ ዕቃ እንዲህ ጥርት ያለ ቁጥር አይሰጥም። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀልልኝ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ፕሮቡ ላይ ያለችውን 1 ኤክስ እና 10 ኤክስ የምትል ትንሽ ማንሸራተቻ ሁሌም እዩ። ፕሮቡ 10 ኤክስ ላይ ሆኖ ኦሲሎስኮፑ 1 ኤክስ ከመሰለው ሁሉ ነገር ለ10 ተካፍሎ ይመጣል። ክላሳችን ውስጥ በዚህ ያልተሸወደ የለም።

4ኛው ሳምንት፣ የሸተተው ላብ

ብሪጅ ሬክቲፋየር፤ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ሰርኪት። አራት ዳዮድ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ አንድ ካፓሲተር። ይህን ክፍል ወድጄው ነበር፣ ምክንያቱም ሒሳቡ አጭር ነው። የትራንስፎርመሩ 50 ኸርዝ በብሪጁ ውስጥ ሲያልፍ 100 ይሆናል። ሎዱ 100 ሚሊ አምፒር ቢስብና ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን፣ ከረንቱን ለፍሪኩዌንሲውና ለካፓሲተሩ ብዜት ታካፍላላችሁ፤ ሪፕሉ (በሚወጣው ቮልቴጅ ላይ የሚቀረው መወዛወዝ) 1 ቮልት ገደማ ይወጣል። አለቀ።

እኛ ግን የሚገባውንና የሚወጣውን አንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ማየት አማረን። ቻነል አንድን ትራንስፎርመሩ ላይ፣ ቻነል ሁለትን ሎዱ ላይ ሰካን። እያንዳንዱ ፕሮብ የራሱ የግራውንድ ክሊፕ ስላለው ሁለቱንም በሚመስላቸው ቦታ ነከስናቸው። ማብሪያውን ተጫንኩት። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ቀጥሎ ቀጭን ጢስ። የላብ ጓደኛዬ ገመዱን ነቅላ ጨርሳ እኔ ገና ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ነበር።

የላብ ረዳቱ መጥተው ፕሮቦቹን አዩና "ሁለት ክሊፕ፣ አንድ ሽቦ" ብለውን ሄዱ። ነገሩ የገባኝ ማታ ወረቀት ላይ ስስለው ነው። ሁለቱ ክሊፖች ኦሲሎስኮፑ ውስጥ አንድ ናቸው። አንዱን የትራንስፎርመሩ እግር ላይ፣ ሌላውን የሎዱ ኔጌቲቭ ላይ ስናደርግ በመካከላቸው የነበረውን ዳዮድ በሽቦ ዘጋነው። በአንደኛው ግማሽ ዙር ትራንስፎርመሩ በዚያ ሽቦና በጎረቤቱ ዳዮድ በኩል ቀጥታ ራሱ ላይ ዞረ። የተጠቀምንበት ዳዮድ፣ ዋን ኤን 4007፣ በአማካይ የሚችለው 1 አምፒር ነው። ስለዚህ የተቃጠለው ክሊፕ ያረፈበት ዳዮድ ሳይሆን ምንም የማያውቀው ጎረቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ስለካ ሁለቱንም ክሊፕ ከሰርኪቱ አርቄ በሁለቱ ጫፎች ብቻ እነካና፣ ኦሲሎስኮፑ አንዱን ቻነል ከሌላው እንዲቀንስልኝ አደርጋለሁ።

ሚድ

ከ30፣ 14።

ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ። ትራንዚስተሩ ሦስት እግር አለው፦ ቤዝ፣ ኤሚተር፣ ኮሌክተር። ቤዙ ላይ 5 ቮልት በ100 ኪሎ ኦም በኩል ይገባል። ኤሚተሩ ግራውንድ ላይ ነው። ከቤዝ ወደ ኤሚተር የሚወድቀው 0.7 ሲቀነስ 4.3 ቮልት ይቀራል፤ የቤዝ ከረንቱ 43 ማይክሮ አምፒር። ቤታ (የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙ ስንት እጥፍ እንደሆነ) 100 ተብሏል፤ አባዛሁት፤ 4.3 ሚሊ አምፒር። ኮሌክተሩ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም አለ፤ 20.2 ቮልት ይወድቅበታል። 10 ሲቀነስ 20.2። መልሱ ያው እላይ ያያችሁት ነው።

10 ብቻ ያለው ሰው 20 ሊከፍል አይችልም። ትራንዚስተሩ የቻለውን ከፍሎ ቆሟል፤ ሳቹሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። በኮሌክተሩና በኤሚተሩ መካከል 0.2 ቮልት ገደማ ይቀራል፣ ከረንቱም 9.8 ለ4.7 ኪሎ ኦም ሲካፈል 2.1 ሚሊ አምፒር ነው። ትራንዚስተሩ አክቲቭ ነው (የቤዙን ከረንት በቤታ እያበዛ ይሠራል) ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም። ግምቴን ግን እንደ ሕግ ይዤው ሄድኩ።

የዳዮዱን ጥያቄም ያየሁት በዚህ ዓይን ነው። ሁለቱም ዳዮዶች ያስተላልፋሉ ብዬ ጀመርኩ፤ የአንዱ ከረንት ኔጌቲቭ ወጣ፤ ምልክቱን ችላ ብዬ አለፍኩ። ዳዮድ ወደ ኋላ ከረንት አያስተላልፍም። ኔጌቲቩ "ግምትህ ልክ አይደለም፣ ተመለስ" እያለኝ ነበር። መምህራችን ሌክቸር ላይ ይህን ስንት ጊዜ እንዳሉት የላብ ጓደኛዬ ደብተር ይመሰክራል። ገምቱ፣ አስሉ፣ ግምታችሁን ፈትሹ። ሦስተኛውን እኔ እንደ ጌጥ ነው ያየሁት።

ከሚድ በኋላ ያደረግኩት ለውጥ አንድ ነው። የላብ ደብተሬን በሁለት አምድ ከፈልኩት። አንደኛው "ይሆናል"፣ ሁለተኛው "ሆነ"። "ይሆናል" ሳይሞላ ፓወር ሰፕላዩ አይበራም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። "ሟርተኛ ሆንክ እንዴ?" አለችኝ። ላቡም መጀመሪያ ላይ ይጎተታል፣ ይህን አልደብቅም፤ ሁለት ላብ ሳንጨርስ ሰዓቱ አልቆብናል።

9ኛው ሳምንት

ኮመን ኤሚተር አምፕሊፋየር፤ ትንሽ ሲግናልን በአንድ ትራንዚስተር የሚያጎላ ሰርኪት። በደንብ ልጽፈው የምፈልገው ላብ ይህ ነው።

12 ቮልት ሰፕላይ። ቤዙን የሚያቆሙት 47 ኪሎና 10 ኪሎ ኦም ናቸው። ኮሌክተሩ ላይ 4.7 ኪሎ፣ ኤሚተሩ ላይ 1 ኪሎ። "ይሆናል" ብዬ ጻፍኩ፦ ቤዝ 2.1፣ ኤሚተር 1.4፣ ስለዚህ 1.4 ሚሊ አምፒር፣ ኮሌክተር 12 ሲቀነስ 6.6፣ 5.4 ቮልት። አበራን። ቤዝ 2.05፣ ኤሚተር 1.4፣ ኮሌክተር 5.5። ቤዙ ትንሽ ዝቅ ያለው ትራንዚስተሩም የራሱን ጥቂት ማይክሮ አምፒር ስለሚወስድ ነው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ሲገጥም ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ልቤ ዘለለች።

ቀጥሎ ጌይኑ፤ የሚወጣው ሲግናል የሚገባው ስንት እጥፍ እንደሆነ። ኤሚተሩ ላይ 100 ማይክሮ ፋራድ ባይፓስ ካፓሲተር አለ፤ ለሲግናሉ ያንን 1 ኪሎ ኦም ይዘልለታል። የሚቀረው የትራንዚስተሩ የራሱ ትንሽ ሬዚስታንስ ነው፤ 25 ሚሊ ቮልት ለ1.4 ሚሊ አምፒር፣ 18 ኦም ገደማ። 4700 ለ18 ሲካፈል፣ 260። 10 ሚሊ ቮልት ብናስገባ 2.6 ቮልት መውጣት አለበት።

የወጣው 46 ሚሊ ቮልት ነው።

እንደ ዱሮዬ ቢሆን ትራንዚስተሩን ነቅዬ፣ ብሬድቦርዱን ቀይሬ፣ ገመዶቹን ሁሉ አፍርሼ እንደ አዲስ እጀምር ነበር። አሁን ግን "ይሆናል" ከሚለው አምድ ጎን 4.6 ብዬ ጻፍኩና አፈጠጥኩበት። 4.6። ከየት የመጣ ቁጥር ነው? 4.7 ኪሎ ለ1 ኪሎ። የኮሌክተሩ ሬዚስተር ለኤሚተሩ ሬዚስተር። ባይፓስ ካፓሲተሩ ባይኖር የምናገኘው ጌይን ማለት ነው። "ካፓሲተሩ አልተያያዘም" አልኳት። ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ አየች። አንዱ እግሩ ከኤሚተሩ መስመር አንድ ቀዳዳ አልፎ ባዶ ረድፍ ላይ ገብቷል። ነቅላ መልሳ ሰካችው። ስክሪኑ ላይ የነበረችው ቀጭን መስመር ብድግ ብላ ሞላች። 2.3 ቮልት ለካን። ከ2.6 የጎደለው አላስጨነቀኝም፤ 25 ሚሊ ቮልቱም ራሱ ግምት ነው።

ስህተቱ የት እንዳለ ሳንነካው ከቁጥሩ ብቻ አወቅን። ይህን ስጽፍ አሁንም ደስ ይለኛል።

የሚገባውን ሲግናል ከፍ ስናደርግ ደግሞ ማዕበሉ ከታች በኩል ቀድሞ ተቆረጠ። ያም ይጠበቃል። ኮሌክተሩ ከ5.4 ተነስቶ ወደ ላይ 6.6 ቮልት መሄጃ አለው፣ ወደ ታች ግን ኤሚተሩ ጋር ሊደርስ 4 እንኳ አይሞላም። ፈተና ላይ "የትኛው ጫፍ ቀድሞ ይቆረጣል?" የምትለዋን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልፈራትም።

11ኛው ሳምንት

ኦፕ-አምፕ፤ በአንድ ቺፕ የተሠራ አምፕሊፋየር። የእኛው 741። ከትራንዚስተር በኋላ እረፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጫፉ 10 ቮልት የሆነ ሳይን እንዲያወጣ ጠየቅነው፣ ሦስት ማዕዘን ሰጠን። 741 በማይክሮ ሰከንድ ከግማሽ ቮልት በላይ መሄድ አይችልም፤ እኛ የጠየቅነው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። 8 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስንወርድ ሳይኑ ተመለሰ።

ያልገባኝም አለ። ፊድባክ ላይ አራቱን ዓይነት አሁንም አምታታለሁ። የፍሪኩዌንሲ ሬስፖንስ ጥያቄዎችን መሥራት እችላለሁ፣ ግን ከመሥራቴ በፊት መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን መናገር አልችልም። ያ ደግሞ ለእኔ አልገባኝም ማለት ነው። ሲሙሌተር ብዙ ሰው ይመክራል። እኔ ግን የማምነው ከእጅ ሒሳብ በኋላ ሲከፈት ነው። ቀድሜ ስከፍተው እንደ ካልኩሌተር ሆኖ ሚድ ላይ ያየሁትን ሰው ነው ያደረገኝ። ለፋይናል የማጠናውም የተሠሩ ጥያቄዎችን በማንበብ አይደለም፤ መልሱን ሸፍኜ፣ መጀመሪያ ግምት፣ ከዚያ ሥራ።

የላብ ፈተና፣ ባለፈው ሳምንት

እያንዳንዳችን ለብቻችን ተቀመጥን። ጠረጴዛው ላይ የተሠራ ሰርኪት አለ፤ ያው የ9ኛው ሳምንት አምፕሊፋየር። አንድ ነገር ተበላሽቶበታል። መልቲሜትር ብቻ ነው የተሰጠን። 15 ደቂቃ።

"ይሆናል"ን ጻፍኩ። 2.1፣ 1.4፣ 5.4። ለካሁ። ቤዝ 2.05። ኤሚተር 1.4። ኮሌክተር 11.9።

ከፊቴ ያለው ልጅ ወዲያው እጁን አነሳ። ኮሌክተሩ ሰፕላዩ ጋር ከደረሰ ትራንዚስተሩ ጠፍቷል፣ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ እኔም እጄን ላነሳ ምንም አልቀረኝም። ግን ኤሚተሩ 1.4 ነው። የጠፋ ትራንዚስተር ኤሚተሩ ዜሮ ነው መሆን ያለበት። 1 ኪሎ ኦም ላይ 1.4 ቮልት ካለ 1.4 ሚሊ አምፒር እያለፈ ነው። ያ ከረንት በኮሌክተሩ ሬዚስተር በኩል ነው የመጣው። መጥቶም የጣለው 0.1 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ፓወር ሰፕላዩን አጥፍቼ ጎንበስ አልኩ። የኮሌክተሩን ሬዚስተር ቀለሞች አነበብኩ። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሦስተኛው ጥቁር። ቀይ ነበር መሆን የነበረበት። 47 ኦም።