ትከሻ የማይጎዳ ሾትገን ለቤት መጠበቂያ

አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ መሸጫ ገብቶ «ርግጫው ቀለል ያለ ሾትገን ለቤት እፈልጋለሁ» ላለ ሰው፣ በተለይ ለሴቶችና ቀጠን ላሉ ሰዎች፣ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ አጭርና ቀላል 20 ጌጅ ይውሰዱ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል)። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ውጤቱ ግን ጥቂት ጥይት ተተኩሶበት ቁምሳጥን ውስጥ የሚረሳ ጠመንጃ ነው። ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ሒሳቡ ይኸውና። 3.2 ኪሎ የሚመዝን 12 ጌጅ እንውሰድ። 9 ፍሬ ድርብ ዜሮ ባክሾት፣ ማለትም ትልልቅ የእርሳስ ፍሬ፣ በሰከንድ 1,325 ጫማ የሚወረውር የተለመደ ጥይት ሲተኮስበት ወደ ትከሻ የሚመለሰው ጉልበት 26 ፉት ፓውንድ ገደማ ነው። በዚያው ጠመንጃ 8 ፍሬ በ1,145 ጫማ የሚወረውር ለስለስ ያለ ጥይት ቢተኮስ ወደ 15 ይወርዳል። 2.5 ኪሎ ብቻ የሚመዝነው 20 ጌጅ ደግሞ 20 ፍሬ ቁጥር 3 ባክሾት በ1,200 ጫማ ሲተኩስ 23 ይደርሳል። የ20 ጌጁ ጥይት የሚሸከመው እርሳስ ከ12ቱ ብዙም አያንስም፤ የሚሸከመው ጠመንጃ ግን ቀላል ነው። «ትንሹ» ተብሎ የተሸጠው፣ ትክክለኛ ጥይት ከጎረሰው ትልቁ ይበልጥ የሚራገጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥይቱን ምረጡ። ካርቶኑ ላይ «ሎው ሪኮይል» ወይም «ሪዱስድ ሪኮይል» የሚል፣ ርዝመቱ 2 ኢንች ከሦስት አራተኛ የሆነ፣ ፍጥነቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ጫማ የሆነ ድርብ ዜሮ ፈልጉ። የፌዴራል ኩባንያ ፍላይትኮንትሮል የተባለው 8 ፍሬ ጥይት በእኔ ግምት የሚቀድመው የለም። ፍሬዎቹን የሚይዘው የፕላስቲክ ጽዋ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላም ጥቂት አብሯቸው ስለሚጓዝ ሳይበታተኑ ይደርሳሉ። ዘጠነኛዋ ፍሬ በብዙ ጠመንጃ ከጓደኞቿ ተነጥላ የምትሄድ ናት፤ 8 ፍሬ የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው። የካርቶን ስም ግን አያታልላችሁ። የሆርናዲ ክሪቲካል ዲፌንስ ለቤት መከላከያ ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ 8 ፍሬውን የሚወረውረው ግን በ1,600 ጫማ ስለሆነ በጣም ይራገጣል። 3 ኢንች ማግነም ለቤት ምንም አይጨምርም። ለወፍ አደን የተሠራው በርድሾት ርግጫው ቀላል ቢሆንም ጥቃቅን ፍሬዎቹ ጠልቀው ስለማይገቡ ለልምምድ ብቻ ይሁን። አጫጭሮቹ ሚኒሼሎች ደግሞ በአብዛኛው ጠመንጃ ውስጥ ይነክሳሉ፤ ፋብሪካው ይቀበላል ካላለ አትጠቀሙባቸው።

ቀጥሎ የሚታየው ጠመንጃው ራሱ ነው። በጋዝ የሚሠራ አውቶማቲክ (ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዴ ተኩሶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያቀባብል) ከባሩዱ ጋዝ ከፊሉን ወስዶ መዝጊያውን ለመግፋት ስለሚጠቀምበት ምቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተዘርግቶ ትከሻ ላይ ያርፋል። ጉልበቱ አይጠፋም፤ እንደ ጥፊ የነበረው እንደ ግፊት ይሰማል። ቤሬታ ኤ300 አልቲማ ፓትሮል 3.2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሰደፉ አጠር ያለ፣ ዋጋውም ከታላላቆቹ የሚቀንስ ስለሆነ ለአብዛኛው ቤት መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ሞስበርግ 940 ፕሮ ታክቲካል የሰደፉ ርዝመት ስለሚስተካከል ቁመታቸው የሚለያይ ባልና ሚስት ለሚጋሩት ይመቻል። ቤሬታ 1301 ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ግን ወደ 2.9 ኪሎ ስለሚመዝን ከኤ300 ትንሽ ይበልጥ ይራገጣል። ቤኔሊ ኤም2 ጋዝ አይጠቀምም፤ የሚሠራው ጠመንጃው ራሱ ወደ ኋላ ሲገፋ በሚፈጠረው እንቅስቃሴ ነው። የእጅ ባትሪና የጥይት መያዣ ሲጫንበት ወይም ተኳሹ አላልቶ ሲይዘው፣ በለስላሳ ጥይት ማቀባበል ሊያቅተው ይችላል።

ፓምፑ፣ ማለትም የፊት እጀታውን በእጅ ስቦ በመመለስ የሚቀባበለው እንደ ሞስበርግ 590 ወይም ሬሚንግተን 870 ያለው፣ ርካሽ ነው፤ የጥይት ዓይነትም አይመርጥም። ምቱን የሚያለዝብ ነገር ግን የለውም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ አለመጨረስ ነው፦ የደነገጠ ሰው የፊት እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይስብ ይመልሰዋል፤ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል ወይም አዲሱ ጥይት አይነሳም። ሰደፉ የረዘመበት ሰው ክንዱ ስለሚዘረጋ ይህ ስህተት ይደጋገምበታል። ሰደፍ የሌላቸው፣ በእጅ ብቻ የሚያዙ 14 ኢንች አፈሙዝ ያላቸው እንደ ሾክዌቭ ያሉት ደግሞ ምቱን በሙሉ አንጓ ላይ ስለሚጥሉ ከዝርዝሩ አውጧቸው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ተቆልማሚ ሾትገን ዋጋው ቢያጓጓም ከቅለቱ የተነሳ ክፉ ይራገጣል።

ሰደፍ ሰው የማያስብለት ትልቁ ጉዳይ ነው። ብዙ ጠመንጃ ከፋብሪካ፣ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ሲለካ፣ 14 ኢንች ገደማ ሰደፍ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ለረጅም ሰው እንኳ ከደረት ፊት ለፊት ሲቆም ይበዛል። መሸጫው ውስጥ ባዶነቱን አረጋግጡ፣ ወደ ትከሻ አንሱት፣ ጉንጫችሁን አስደግፉ። ምላጩን የሚይዘው እጅ አውራ ጣትና አፍንጫችሁ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ካለ ልክ ነው፤ ፊት እንዳይመታ ከዚያ አይጥበብ። ወገባችሁ ወደ ኋላ ከተቆለመመ ወይ ረዝሟል ወይ ከብዷችኋል። ለአብዛኛው ሰው 12 ተኩል እስከ 13 ኢንች ይስማማል። ለ870 እና ለሞስበርግ የማግፑል ኤስጂኤ ሰደፍ በመካከሉ የሚገቡ ቁርጥራጮችን በመቀነስና በመጨመር ይስተካከላል። ከጫፉ ጥሩ የጎማ ትራስ ይግባበት።

አያያዙም ከርግጫው ትልቅ ድርሻ ይቀንሳል። ሰደፉን ከትከሻ መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ከአጥንቱ በታች ካለው የደረት ጡንቻ ላይ አሳርፉ። አንድ እግር ቀድሞ፣ ክብደት ወደ ፊት ያዘንብል። ከዚያ የፊት እጅ የፊቱን እጀታ ወደ ዒላማው ይግፋ፣ የኋላው እጅ ደግሞ ወደ ትከሻ ይሳብ፤ ሁለቱም በኃይል፣ ልክ ደጋን እንደሚለጥጡ። ጥይቱ ሲተኮስ ጠመንጃው የሚመታው ትከሻን ሳይሆን ይህን ውጥረት ነው። ጉንጭ ከሰደፉ ከተነሳ ግን የሚመጣው ምት ፊት ላይ ነው።

የመረጣችሁትን ጥይት ሳትሞክሩ አትመኑት። ቤታችሁ ውስጥ ሊተኮስ የሚችለውን ረጅሙን ርቀት ለኩ፤ የኮሪደር ጫፍ ቢሆን 8 ወይም 10 ሜትር። መተኮሻ ሜዳ ላይ በዚያው ርቀት ወረቀት ስቀሉና ፍሬዎቹ የት የት እንዳረፉ ቁጠሩ። ከሰው ደረት ስፋት ውጪ ያረፈ ፍሬ ካለ ጥይቱን ቀይሩ። ድርብ ዜሮ የአሜሪካን ስስ የጂፕሰም ግድግዳ በርካታውን ስለሚበሳ፣ ከኋላ የልጆች መኝታ ካለ ወደዚያ አቅጣጫ መተኮስ የለም። በአፓርታማ ለሚኖር ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ለስላሳውን ጥይት ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ ሳይነክስ መተኮስ አለበት።

ሾትገን ጥይት ጎርሶ አይቀመጥም፤ ብዙዎቹ ቢወድቁ እንዳይተኩሱ ተደርገው አልተሠሩም። ከአፈሙዙ ሥር ያለው የጥይት ቱቦ ይሙላ፣ ጥይቱ የሚተኮስበት ጉሮሮ ባዶ ይሁን፣ ጠመንጃው በቶሎ የሚከፈት የብረት ካዝና ውስጥ ይቆለፍ። ለበዓልና ለቡና የዘመድ ልጆች የሚገቡበት ቤት ከፍራሽ ሥርና ከቁምሳጥን አናት ምንም አይሰውርም። በብዙ አውቶማቲክ ማቀባበያውን ብቻ ብትስቡ ጥይት ከቱቦው አይወጣም፤ አስቀድሞ የሚጫን መልቀቂያ አለ። መመሪያውን አንብባችሁ ይህን በጨለማ ለምትይዙት እጅ አስተምሩት፤ በሐሰተኛ ጥይት ይለመዳል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በፌዴራል ደረጃ ሾትገን አፈሙዙ ከ18 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ ልዩ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አፈሙዝ አታስቆርጡ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መያዝ እንኳ ስለማይፈቀድለት መተኮሻ ሜዳ ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ። ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዱን መሣሪያ ያስመዘግባል። ኢሊኖይና ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ የሽጉጥ እጀታ ያላቸውንና መሰል አውቶማቲክ ሾትገኖችን ስለከለከሉ እዚያ ያላችሁ ሞዴሉን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ቱቦው ውስጥ ለወራት የቆዩ ጥይቶች የስፕሪንጉ ግፊት ፕላስቲካቸውን ሊያሳብጠው ይችላል። በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ በጣት ዳስሷቸው፤ ያበጠ ወይም አፉ የተዛባ ካለ አስወግዱት፣ ደህናዎቹን ልምምድ ላይ ተኩሷቸውና አዲስ ሙሉ።