መሐመድ አሚር ዛሬም ያጣላል
እዚህ ዱባይ ከፓኪስታኖች ጋር የሚሰራ ሰው ሳይወድ በግዱ ክሪኬት ያውቃል፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ደሞ የስራ ጓደኞቼ በፓኪስታኑ ኳስ ወርዋሪ በመሐመድ አሚር የተነሳ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። አንዱ "አገሩን የሸጠ ሌባ" ይላል፣ ሌላው "ልጅ ነበር እኮ" ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ ነው፣ አሚር ገና 18 አመቱ፣ በግራ እጁ የሚወረውራት ኳስ አየር ላይ እየታጠፈች እንግሊዞቹን መላ አሳጥታ 6 ሰው አስወጣባቸው። በዛው ጨዋታ ግን ለቁማር ሲባል ሆን ብሎ የመወርወሪያውን መስመር አልፎ እየረገጠ ኖ ቦል (በህጉ የማይፈቀድ ውርወራ) ወረወረ፣ ቪዲዮውን ስታዩት እግሩ ያለፈው በትንሽ አይደለም፣ በጣም ነው። ካፒቴኑ ሳልማን በትና ሌላው ወርዋሪ መሐመድ አሲፍም አሉበት። 5 አመት ታገደ፣ እንግሊዝ አገር ታሰረም።

እኔ ልጅ ነበር ካለው ጋር ነኝ። ካፒቴንህ ራሱ ያለበትን ነገር በ18 አመትህ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፣ ደሞ ጥፋቱን ፍርድ ቤት አምኗል፣ ቅጣቱንም ጨርሷል፣ ከዛ በላይ ምን ይሁን?

በ2017 የቻምፒየንስ ትሮፊ ፍጻሜ ከህንድ ጋር የሰራውን ማየት ነው፣ የህንዱን መቺ ሮሂት ሻርማን በዜሮ ሸኘው፣ ኮህሊ ደሞ ኳሷ ከያዡ እጅ አምልጣ ተረፈ ሲባል በቀጣዩዋ ኳስ ወጣ፣ ከዛ ዳዋን፣ ፓኪስታንም በ180 ረን (ነጥብ) አሸነፈች 🔥