አምስት ስልክ፣ አንድ ሠልጣኝ

ድሬዳዋ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። አንዴ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችን የርቀት ስልጠና መጣ፤ ስለ ፋይል አያያዝ። ቪዲዮ አይቶ፣ ፈተና ተፈትኖ ሰርተፍኬት ነው፣ ያውም በስልክ። መጨረሻ ላይ የእርካታ መጠይቅ አለ። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉት። እኔም «ስልጠናው ውጤታማ ነበር» ብዬ ሪፖርቴን አስገባሁ።

ወር ሳይሞላ አንድ ባለጉዳይ ከመልካ ጀብዱ መጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰርተፍኬት ያላቸው ሦስት ልጆች ፋይላቸውን ፍለጋ ሲዞሩ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሲገኝ አንዱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። በቦታው «እገሌ ወስዶታል» የሚል ካርድ አልገባበትም። የስልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት እኮ ስለዚያ ካርድ ነበር!

ሲስተሙን ከፍቼ አየሁ። የ40 ደቂቃው ቪዲዮ በ4 ደቂቃ «ተጠናቋል» ይላል። የአምስት ሰው መልስ አንድ ዓይነት ነው፣ ስህተቱ ሳይቀር። በዕድሜ ትንሹን ልጅ ጠራሁት። አልካደም። አምስቱን ስልክ ቬንትሌተር ሥር ደርድሮ ለሁሉም ሠርቶላቸዋል።

«አቦ ጋሼ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልጨርስላቸው ብዬ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩ።

ፈተናውን የወደቁት ማዘር የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ ብቻ ናቸው። ዳታ እያለቀባቸው ቪዲዮውን በሦስት ቀን ነው የጨረሱት። ፈተናው ላይ ደግሞ ሰዓት ቀደማቸው። መደርደሪያቸውን ሄጄ አየሁ። ፋይል በወጣበት ቦታ ሁሉ ከፓስታ ካርቶን የተቆረጠ ካርድ ቆሟል፤ የወሰደው ሰው ስምና ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስልጠና መመዘኛ አራት ደረጃ አለው፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? መሥሪያ ቤቱስ ምን አገኘ? እኔ የመጀመሪያዋ ላይ ቆሜ ነው ሪፖርት የጻፍኩት። ሁለተኛዋን አንድ ልጅ ለአምስት ሰው ሠርቷታል። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ከስልጠናው በፊት አንድ ፋይል ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አለመያዜ ነው። አሁን ቢሻሻልስ በምን አውቃለሁ?

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ሊንኩን ከመላኬ በፊት አሥር የፋይል ቁጥር በዕጣ አወጣሁና የስልኬን ሰዓት ከፍቼ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆምኩ። ማዘር በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ዛሬስ ማንን ልትጥል ነው?»