ከቡና ቅጠል የግል አርማ ማውጣት

ለአርማ የቡና ቅጠልን የሚያህል የለም፤ ጠርዙ ይሞገዳል፣ ጅማቱም በጀርባው በኩል ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ቀለም የሚቀባው ጀርባው ነው። ትኩስ ቅጠል ወረቀት ላይ ስለሚንሸራተት ጋዜጣ ውስጥ አድርጋችሁ፣ መጽሐፍ ጭናችሁበት አሳድሩት። ብዙ ከደረቀ ግን ይሰባበራል።

የማኅተም ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ አትሙ። ቀለም ከበዛ ጅማቱ ይደፈናል። ከኅትመቱ ዋናውን ጅማትና በየጎኑ ሦስት ሦስት ብቻ አስቀሩ፤ አርማው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ቀጫጭኑ መስመር ሁሉ ይጣበቃል።

ንድፉን በለስላሳ እርሳስ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ፣ ተቀርጾ ማኅተም በሚሆነው ላጲስ ላይ ደፍታችሁ እሹት። ተገልብጦ ስለሚያርፍ የስማችሁን ፊደል ብትጨምሩበትም ሲታተም ይቃናል። ስትቀርጹ የምላጩን ጫፍ ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ ሥሩ ከተቦረቦረ መስመሩ ሲጫን ይተኛል።