ቢፒ (የደም ግፊት) ወረደ ማለት ልብ አረፈ ማለት አይደለም (የ3ኛ ሳምንት ጥናቴ)

ሰላም ልጆች፣ የልብ መድኃኒቶች ጥናቴ 3ኛ ሳምንት ገባ፣ ይሄን ሳምንት ሙሉ ደም ስር የሚያሰፉት ላይ ነው ያሳለፍኩት። እስካሁን "የልብን ስራ ያቀላሉ" ብዬ በቃሌ ይዤ ነበር የማልፈው፣ የትኛውን ስራ ብትሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

የገባኝ በተሸካሚ ሳስበው ነው። ልብን ጆንያ ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያዙት፣ ጆንያው ፕሪሎድ ነው ማለትም በደም መልስ በኩል መጥቶ ልብን የሚሞላው ደም፣ ዳገቱ አፍተርሎድ ማለትም ልብ ደሙን ሲገፋ ደም ቅዳዎቹ የሚመልሱበት ጫና፣ ሩጫው ደግሞ ፐልሱ ማለትም ልብ በደቂቃ የሚመታው ብዛት። ናይትሮግሊሰሪን (ለልብ የደረት ሕመም የሚሰጠው) ከምላስ ስር ሲደረግ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፣ በትንሽ ዶዝ በዋናነት የሚያሰፋው ደም መልስን ስለሆነ ደሙ እግርና ሆድ ላይ ይቆያል፣ ጆንያው ቀለለ ማለት ነው። በሽተኛውን አስቀምጠን የምንሰጠውም ለዛ ነው፣ ቆሞ ከወሰደ ዞሮበት ሊወድቅ ይችላል። የቀኝ ልብ ኢንፋርክሽን (ደም ተቋርጦበት የልብ ጡንቻው የተጎዳ) ያለበት ሰው ግን የሚንቀሳቀሰው በዛው ጆንያ ስለሆነ ስታቀሉለት ቢፒው ይከዳችኋል። ቫያግራ መውሰዱንም ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ።

ሃይድራላዚን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። እሱ ደም ቅዳን ነው የሚያሰፋው፣ ዳገቱን ያለሰልሳል፣ ግን ግፊቱ ሲወርድ ሰውነት ይደነግጥና ልብን ሩጥ ይለዋል። የልብ ኦክስጅን ፍላጎት በግምት ፐልስ ሲባዛ በላይኛው ቢፒ ነው፣ ደብተሬ ላይ እንዲህ አሰላሁት፦ ቢፒ 160 ፐልስ 100 የነበረ ሰው 16,000 ይመጣል፣ መድኃኒቱን ወስዶ ቢፒው 130 ፐልሱ 125 ቢሆን 16,250። 30 ወርዶለት ልቡ ቅንጣት አላረፈም! ሦስቴ ደግሜ አባዛሁት። ቻርት ላይ 130 አይቼ ፐልሱን ሳልጠቅስ "ተሽሎታል" ብዬ ያስረከብኳቸው ዱቲዎች ትዝ አሉኝና በጣም ከበደኝ። አንጃይና (ልብ ኦክስጅን ሲያንሰው የሚመጣ የደረት ሕመም) ላለበት ሰው ሃይድራላዚን ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስበት የሚችለው በዚህ ነው፣ ቤታ ብሎከር አብሮ የሚታዘዘውም ሩጫውን እንዲይዝ ነው።

የደከመ ልብ ላይ ግን ታሪኩ ይለያል፣ እዛ ፐልሱ ያን ያህል አይዘልም፣ ዳገቱ ሲቀንስለት በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይጨምራል። በ2004 የወጣው ኤ-ሄፍት የተባለው ጥናት 1,050 ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ሃይድራላዚንና አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬትን (ዳገቱንም ጆንያውንም ማለት ነው) በሌሎቹ መድኃኒቶች ላይ ጨምሮ ሞትን በ43% ቀንሷል፣ ጥናቱ ራሱ ከጊዜው በፊት ነው የቆመው።

እኛ ወርድ የምናያቸው ማይትራል ስቴኖሲስ (በግራ ልብ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ቫልቭ መጥበብ) ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ ችግሩ ዳገቱ አይደለም፣ በሩ ነው የጠበበው፣ ደም ቅዳ ብታሰፉ በሩ አይከፈትም፣ ፐልሱ ከሮጠ ጭራሽ ልብ የሚሞላበት ጊዜ ያጥርና ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል።

ከሰኞ ጀምሮ ቢፒ በጻፍኩ ቁጥር ፐልሱን አጠገቡ እየጻፍኩ ማባዛት ጀምሬያለሁ። እናንተ ጋ ሃይድራላዚን ከተሰጠ በኋላ ፐልስ በስንት ደቂቃ ነው የምትደግሙት?